የሰፈራችሁን አረጋውያን በነፃ ስፖርት ማሠራት፦ ከእድር ደጃፍ እስከ ወንበር ዳር

እሁድ ጠዋት መስቀል አደባባይ ላይ ስፖርተኛው ጉድ ነው። ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል የሚለው፣ በሙዚቃ የሚዘለው፣ ላብ በላብ ሆኖ የሚሮጠው። ግን ልብ ብላችሁ እዩ፤ 70 ያለፈው ሰው እዚያ መሀል እምብዛም የለም። ቢመጣም ዳር ቆሞ ያያል። ሙዚቃው ይፈጥናል፣ ዝላዩ ይበዛል፣ ጎንበስ ቀናው ያዞራል። እናቶቻችንና አባቶቻችን የሚፈልጉት ሌላ ዓይነት ስፖርት ነው፤ እሱን የሚያሠራቸው ሰው ደግሞ ከሰፈር ካልተገኘ ከሌላ ቦታ አይመጣላቸውም።

ያ ሰው እኔ ልሁን ካላችሁ፣ ቀጥሉ። ኮች መሆን አይጠበቅባችሁም። የጂም ሰውነትም አያስፈልግም። ሰዓት ማክበር፣ ትዕግሥትና የማይንሸራተት ወንበር ካለ ይበቃል። አንድ ትልቅ ሰው ማንንም ሳይጠራ ከወንበር መነሳት፣ ሽንት ቤት ደርሶ መምጣት ከቻለ በቤቱ ጌታ ነው። ይህን ማቆየት ነው ሥራችሁ። ቀሪው ሁሉ ጌጥ ነው።

1. ምን እንደምታሠሩ እወቁ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ያስቀመጠው ይህን ነው፦ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ደግሞ ከጥንካሬ ጋር ሚዛን የሚያሠራ እንቅስቃሴ።

150 ደቂቃ ሲባል አትደንግጡ። ትንፋሽ ትንሽ ጨመር እስካደረገ ድረስ ገበያ ደርሶ መምጣትም፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ መመለስም ይቆጠራል። ከኛ ሰዎች ብዙዎቹ በእግራቸው ይሄዳሉ። የጎደላቸው ጡንቻውና ሚዛኑ ነው። ልደታ እስከ ሜክሲኮ ሳያርፍ የሚሄድ ሰው፣ ሱሪውን ለመልበስ አንድ እግሩን ሲያነሳ ግድግዳ ይፈልጋል። እናንተ ይህን ክፍተት ነው የምትሞሉት።

ኒውዚላንድ ውስጥ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው የመውደቅ መከላከያ ፕሮግራም አለ። የእግር ጡንቻ፣ ሚዛንና በእግር መሄድ፤ በቃ። በሙከራዎቹ መውደቅን በ35 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ማሽን የለውም። ቁርጭምጭሚት ላይ የምትታሰር ትንሽ ክብደትና የሚደገፉት ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ «ዕቃ የለንም» የሚለው ሰበብ አይሠራም።

2. መጀመሪያ ራሳችሁን

የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ሳትወስዱ አትጀምሩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ይሰጣል። ደረት መጫን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መሆኑን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በአሻንጉሊቱ ላይ ላብ እስኪያጠምቃችሁ መጫን ሌላ ነው።

ቀጥሎ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ፈልጉ። ከዘመድ ወይም ከጓደኛ በኩል አይጠፋም። የምታሠሩትን በወረቀት ጽፋችሁ አሳዩ፤ «ይህን ለጉልበት ሕመምተኛ እንዴት ላቅልለው?» ብላችሁ ጠይቁ። የአንድ ሰዓት ጨዋታ ብዙ ያስተምራል። ከዚያ ቤት ውስጥ በእናታችሁ ወይም በአክስታችሁ ላይ ሞክሩት። እሷ ያልገባትን ሌላውም አይገባውም።

ብቻችሁን አትጀምሩ። ቢያንስ ሁለት ሁኑ። አንዱ ፊት ቆሞ ያሳያል፤ ሌላው ከኋላ እየዞረ ያያል፣ የተንገዳገደውን ይይዛል። ለሁለት ሰው ከ12 እስከ 15 ተሳታፊ ይበቃል። ሰው ሲበዛ ደስ ይላል፤ ግን 30 ሰው መሀል አንዷ ብትንገዳገድ ማን ያያታል?

3. በእድር በኩል ግቡ

ፖስተር አትለጥፉ። ብዙዎቹ አያነቡትም፤ ያነበቡትም አያምኑትም። «በነፃ» የሚል ነገር ሲሰሙ መጀመሪያ የሚመጣላቸው «ምን ሊሸጡልን ነው?» ነው። መሀል አዲስ አበባ ትልልቅ ሰዎችን በአንድ ላይ ለማግኘት አቋራጩ እድር ነው።

የእድሩን ሰብሳቢ ወይም ጸሐፊ ፈልጋችሁ ወርኃዊው ስብሰባ ላይ አምስት ደቂቃ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። እዚያ ስትቆሙ አታንዛዙ። «ሳምንት ሁለቴ ነው፤ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ተቀምጦ ነው የሚጀመረው፤ ክፍያ የለውም፤ እግር ያጠነክራል» ማለት ይበቃል። ከዚያ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡና እጃችሁን ሳትደገፉ ሦስት አራቴ ተነሱ፣ ተቀመጡ። «እስቲ ማን ይሞክራል?» በሉ። ሳቅ ይነሳል። አንድ ደፋር ጋሼ ይነሳሉ። ምዝገባው እዚያው ተጀመረ ማለት ነው።

የሴቶች እድር ካለ አትዝለሉት። ሴቶቹ ቶሎ ይመጣሉ፣ ጎረቤትም ይዘው ነው የሚመጡት። ወንዶቹ ያስቸግራሉ። «የሴቶች ነገር ነው» ብለው ይሸሻሉ፤ ወይም አንዴ መጥተው በር ላይ ቆመው አይተው ይሄዳሉ። ለእነሱ የሚሠራው ኃላፊነት መስጠት ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ካሉ ስም መዝጋቢ ይሁኑ። የቀድሞ ወታደር ካሉ ቁጥር ይቁጠሩ። ሥራ ሲኖራቸው አይቀሩም፤ ከመጡ ደግሞ ይሠራሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፒያሳና ካዛንቺስ አካባቢ ብዙ ሰው በመልሶ ማልማቱ ተነስቶ ሌላ ሰፈር ገብቷል። የእድሩ መዝገብ ላይ ስሙ ያለ ሁሉ ዛሬ ጎረቤት ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ለእድሩ ሲል ከሩቅ ይመጣል፤ ሳምንት ሁለቴ ለስፖርት ግን አይመጣም። ስትመዘግቡ «አሁን የት ነው የሚኖሩት? በምንድን ነው የሚመጡት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከእድሩ ቀጥሎ ወረዳ ሂዱ። የምታደርጉትን በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ክፍያ እንደሌለው። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ካገኛችሁ አዳራሽ መጠየቅም፣ «እዚህ ምን እየሠራችሁ ነው?» ለሚል ሰው መልስ መስጠትም ይቀላል። ትንሽ መመላለስ ይኖራል፤ ቻሉት። በዚያው የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ተዋወቁ። አልፎ አልፎ መጥታ ግፊት ብትለካላችሁ ክፍሉ ክብሩ ይጨምራል።

4. ቦታ ስትመርጡ ከሽንት ቤቱ ጀምሩ

የቀልድ አይደለም። የግፊት መድኃኒት ከሚወስዱት ብዙዎቹ ሽንት የሚያስሸና ኪኒን አላቸው። ሽንት ቤት የሌለበት ቦታ ላይ አንዴ ተሳቀው የሄዱ እናት ሁለተኛ አይመጡም፤ ምክንያቱንም አይነግሯችሁም።

ጥሩ የሚሆኑት የኮንዶሚኒየም ኮሙናል፣ የእድር አዳራሽ፣ የወረዳ ወጣት ማዕከልና ባዶ የሚሆን የትምህርት ቤት ክፍል ናቸው። ምድር ቤት ይሁን፤ ፎቅ ከሆነ ደረጃው ራሱ ግማሹን ሰው ያስቀራል። ወለሉን በጫማችሁ ሸርተት አድርጋችሁ ሞክሩት። ሴራሚክ ውሃ ከነካው በረዶ ነው። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ የሚዛን ሥራ በጭራሽ አይታሰብም። በአዲሶቹ የኮሪደር መንገዶች ላይ ያለው ሰፊ የእግረኛ መንገድ በእግር ለመሄድ ጥሩ ነው፤ የወንበሩን ሥራ ግን ቤት ውስጥ ሥሩት።

ወንበሩ ላይ ድርድር የለም። አራት እግር ያለው፣ የማይወዛወዝ፣ ጎማ የሌለው፣ ከፍታው 43 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። የእድር ወንበር ፕላስቲክ ከሆነ በጀርባው ግድግዳ አስደግፉት፤ አለበለዚያ ሲቀመጡ ወደኋላ ይሸሻል። አግዳሚ ላይ አታሠሩ፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወድቃል። በጣም ዝቅ ካለ ጋቢ አጥፋችሁ ከላይ ጣሉበት።

5. ቀንና ሰዓት

ጠዋት 3 ሰዓት ደህና ነው። ፀሐይ ወጥቷል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ሰብሯል፣ ቁርስም መድኃኒትም ተወስዷል፣ የልጅ ልጅም ትምህርት ቤት ገብቷል። ማክሰኞና ሐሙስ ብታደርጉት ከረቡዕና ከዓርብ ጾም፣ ከጁምዓ ሶላት፣ ከእሁድ ቅዳሴና ከእድር ስብሰባ ትድናላችሁ። ወር በገባ በ12፣ በ19፣ በ21 ወይም በ27 ከዋለ ግማሹ ሰው ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም ወይም መድኃኔዓለም ነው ያለው። አትቆጡ፤ የመጣውን አሠሩ። የጡረታ ደሞዝ የሚወጣበት ቀንም እንደዚያው ነው።

ለሦስተኛው የሚዛን ቀን የቤት ሥራ ስጡ፦ ጠዋት ጥርስ ሲፋቁ መደገፊያ አጠገብ ቆሞ ተረከዝ ማንሳት። መፋቂያ እስኪጣል ድረስ ጊዜ አለ።

6. ሳትመዘግቡ አታሠሩ

ደብተር ያዙ። ስም፣ ስልክ፣ የቅርብ ተጠሪ ስልክ። ከዚያ ጥያቄዎቹን ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ወረቀት ሰጥታችሁ ሙሉ አትበሉ፣ መነጽር የረሳም ማንበብ የማይችልም ይሳቀቃል። ደረትዎን ያምዎታል ወይ? ሲነሱ ያዞርዎታል? ባለፈው አንድ ዓመት ወድቀው ያውቃሉ? ግፊት፣ ስኳር፣ ልብ፣ አስም? የትኛውን መድኃኒት ይወስዳሉ? አጥንት ተሰብረው ያውቃሉ? ኦፕራሲዮን?

«ምንም የለብኝም፣ ተመስገን» ይሏችኋል። የባህል ነገር ነው፤ በሽታ በሰው ፊት አይቆጠርም። ስለዚህ ለየብቻ ጠይቁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ከሁሉ በላይ ግን «መድኃኒትዎን ከነካርቶኑ ይዘውልኝ ይምጡ» በሉ። ካርቶኑ እውነቱን ይናገራል።

ሲያርፉ ደረታቸውን የሚያማቸው፣ በቅርቡ ልብ ወይም ስትሮክ ያገኛቸው፣ ተቀምጠው ግፊታቸው ከ180 በ110 በላይ የሆነ ሰዎች ሐኪም ሳያያቸው አይጀምሩ። «አልፈልግዎትም» እንዳይመስላቸው አብራችሁ ጤና ጣቢያ ብትሄዱ ጥሩ ነው። መሄድ ካልቻላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

7. መነሻውን ለኩ

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ነገር ለኩ። አንደኛው የ30 ሰከንድ መነሳት ነው። ሁለቱ እጆች ደረት ላይ ተጣምረው፣ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይነሳሉ? ከ65 እስከ 69 ዓመት ያለች ሴት ከ11 በታች፣ ወንድ ከ12 በታች ከሆነ ከእኩዮቻቸው ዝቅ ያለ ነው። ከ75 እስከ 79 ለሴት 10፣ ለወንድ 11 ነው መስመሩ። በእጅ ካልተደገፉ መነሳት ካልቻሉ ዜሮ ይጻፋል፤ ዜሮ ለእናንተ ደብተር ብቻ ነው፣ ለእሳቸው «ከዚህ እንጀምራለን» ነው የሚባለው።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። እግር ጎን ለጎን፤ ከዚያ አንዱ ግማሽ ወደፊት፤ ከዚያ ተረከዝ ከጣት ፊት ተገጥሞ፤ በመጨረሻ በአንድ እግር። እያንዳንዱ 10 ሰከንድ። ሦስተኛውን 10 ሰከንድ መቆየት ያቃተው ሰው የመውደቅ አደጋው ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ሁልጊዜ ግድግዳ አጠገብ አቁሙት። ስትለኩ ጎናቸው ቁሙ፤ እጃችሁ ሳይነካቸው ይጠጋ።

ውጤቱን ጮክ ብላችሁ አታንብቡ። በየሦስት ወሩ ስትደግሙት ለየግል ንገሯቸው። ከ7 ወደ 10 የደረሱ እናት ለማን ለማን እንደሚያወሩት አታውቁም።

8. አንዱ ክፍለ ጊዜ

ከነማረፊያው 45 ደቂቃ ይበቃል። ከመጀመሩ በፊት ጫማና ልብስ እዩ። ሸበጥና ክፍት ነጠላ ጫማ ለቆሞ ሥራ አይሆንም፤ በካልሲ ሴራሚክ ላይ መቆምም አይሆንም። ሸራ ጫማ ከሁሉ ይሻላል። ነጠላው ወይ ይታጠፍና ወንበር ጀርባ ላይ ይሰቀል፣ ወይ መቀነት ይሁን። «ያለ ነጠላ አልቆምም» የሚሉ እናት ካሉ አትከራከሩ፤ ጫፉ እግር ሥር እንዳይገባ ወገብ ላይ እሰሩላቸው።

ማሟሟቂያው ተቀምጦ ነው፤ 10 ደቂቃ። ቁርጭምጭሚት ማዞር፣ ጉልበት ዘርግቶ ማጠፍ፣ ተቀምጦ እንደ ሰልፍ መርገጥ፣ እጅ መጨበጥና መፍታት። ለትከሻ የውጭ ነገር አትፈልጉ፤ እስክስታ አለ። ዝግ ብሎ፣ አንገትን ሳይወረውሩ፣ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ። «ትከሻዬን ያዘኝ» ያሉት ሁሉ ሳያስቡት ሲያንቀሳቅሱት ታያላችሁ። አንገት ሙሉ ክብ አይዞርም፤ ግራና ቀኝ ብቻ።

ቀጥሎ ጡንቻ፤ 15 ደቂቃ። ንጉሡ ከወንበር መነሳት ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አስተምሩ። መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ጫፍ ቀረብ ይበሉ። እግር በዳሌ ስፋት ይከፈት፣ ተረከዝ ወደ ወንበሩ ይሳብ፤ ጉልበት ከጣቶች በላይ ሲሆን ታዩታላችሁ። አሁን ደረት ወደፊት ይዘንበል፣ አፍንጫ ከእግር ጣት በላይ እስኪሆን። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው፤ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በጉልበቱ ብቻ ሊነሳ ይታገላል። ዘንበል ሲል መቀመጫው ራሱ ይቀላል። ከዚያ ወለሉን በእግር እየገፉ «አንድ!» ብለው ይነሱ። ሲቀመጡ ነው ዋናው ሥራ፦ ወንበሩ እግርን ከኋላ ሲነካ ይሰማቸው፣ «ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እየቆጠሩ ቀስ ብለው ይውረዱ። ዱብ ብሎ መቀመጥ የለም።

ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ አረፍ ብሎ አንድ ዙር ደግሞ። 12 ጊዜ ሳይቸገሩ ከቻሉ አክብዱት፤ ከታች የተነጠፈውን ጋቢ አንሱ፣ ወይም አወራረዱን አዘግዩ። የማይችሉት በጭናቸው ወይም በወንበሩ ክንድ ይደገፉ።

የቀረውን ባጭሩ። የወንበር ጀርባ ይዞ ተረከዝ ማንሳት። ቆሞ እግርን ወደ ጎን ማውጣት። በሁለት እጅ ግድግዳ መግፋት፤ ፑሽአፑን በግድግዳ መሥራት ማለት ነው። ለእጅ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል፤ የግማሽ ሊትሩ ውሃ ግማሽ ኪሎ ነው፣ የአንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ። ሁሉም ሁለት ጠርሙስ ከቤቱ ይዞ ይምጣ።

ትንፋሽ መያዝ ግፊት ያሻቅባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሁሉም ጮክ ብሎ ይቁጠር። የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን አይይዝም።

ከዚያ ሚዛን፤ 10 ደቂቃ፣ ግድግዳ ወይም ወንበር አጠገብ። ተረከዝ ከጣት ፊት ገጥሞ መቆም፣ በመስመር ላይ መሄድ፣ ወደ ጎን መራመድ፣ በአንድ እግር መቆም። መጀመሪያ በሁለት እጅ ይዞ፣ ከዚያ በአንድ እጅ፣ ከዚያ በአንድ ጣት። ዓይን ጨፍኖ መቆም የሚባለውን ለዚህ ክፍል እርሱት። የሚዛኑን ሥራ የምታሠሩት ሰው ገና ሳይደክመው መሆን ስላለበት፣ እግራቸው መንቀጥቀጥ የጀመሩ ካሉ ቁጭ ይበሉ።

መጨረሻ ላይ ተቀምጦ 5 ደቂቃ መሳሳብና ዝግ ያለ ትንፋሽ። ድንገት ማቆም ያዞራል።

የማይሠሩ ነገሮች አሉ። ጎንበስ ብሎ የእግር ጣት መንካት፣ ክብደት ይዞ ወገብ መጠምዘዝ፣ ዝላይ። አጥንታቸው የሳሳ ሰዎች፣ በተለይ እናቶች፣ የጀርባ አጥንታቸው ሊሰነጠቅ ይችላል። ጠዋት ሜዳ ላይ ወጣቶች ሲሠሩት ያዩትን «እኛም እንሥራ» ይሏችኋል። እምቢ በሉ።

ምን ያህል ይድከሙ? ማውራት ይችላሉ፣ መዝፈን ግን አይችሉም፤ ልኩ ያ ነው። የልብ ምት በመቁጠር አትመኑ። አቴኖሎልና መሰል የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ልቡ ቢደክምም ምቱ ላይጨምር ይችላል። በማግስቱ የጭን መዛል ያለ ነው፤ በሁለት ቀን ይለቃል። መገጣጠሚያ ላይ እንደ ቢላ የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን ያ እንቅስቃሴ ለዚያ ሰው ይቁም።

ሙዚቃ? የድሮ ዘፈን ዝግ ባለ ድምፅ ጥሩ ነው፤ ፊታቸው ሲፈካ ታያላችሁ። ግን በጾም ዘፈን የማይሰሙ አሉ፤ በማንኛውም ጊዜ የማይፈልጉም አሉ። መጀመሪያ ጠይቁ። አንድ ሰው እንኳ ቅር ካለው በጭብጨባና በቁጥር ሥሩ፤ ምንም አይጎድልም።

9. አነጋገራችሁ

«አንቺ» «አንተ» የለም። እርስዎ ነው። እማማ፣ አባባ፣ ጋሼ፣ እትዬ፤ እነሱ በሚወዱት ጥሯቸው። ስም ከነማዕረግ መያዝ የመጀመሪያ ሳምንት ሥራችሁ ነው። እንደ ሕፃን «ጎበዝ፣ ጎበዝ» አትበሏቸው። «ዛሬ ተረከዝዎ ከባለፈው ከፍ ብሏል» በሉ፤ ያያችሁትን ንገሩ።

ስታስተካክሉ ሰውነት ከመንካታችሁ በፊት «ልያዝዎት?» ብላችሁ አስፈቅዱ። ወንድ ከሆናችሁ ለሴቶቹ በቃልና በማሳየት ብቻ ሥሩ፤ ሴት አጋዥ ብትኖር ደግሞ በጣም ይቀላል። ጆሮ የከበዳቸውን ፊት አስቀምጡ። ጀርባ ሰጥታችሁ አታውሩ።

ፎቶና ቪዲዮ ሳያስፈቅዱ አይነሳም። ቲክቶክ ላይ እናቱን በቱታ ያየ ልጅ ሊቆጣ ይችላል፤ መብቱም ነው።

10. ችግር ሲመጣ

ግድግዳ ላይ ሁለት ቁጥር ለጥፉ፦ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 939 የእሳትና ድንገተኛ አደጋ። ከሥራቸው የቦታውን አቅጣጫ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ከየትኛው ባንክ ቀጥሎ፣ በየትኛው በር። አዲስ አበባ ውስጥ በቤት ቁጥር ማንም አይመጣም፤ በድንጋጤ ሰዓት ደግሞ ሰው የገዛ ሰፈሩ ይጠፋበታል። አንዱ ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ ይጠብቅ።

የደረት ሕመም፣ ከመጠን ያለፈ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት፦ ሥራውን አቁሙና ደውሉ። ፊት ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንዱ እጅ ከወደቀ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ «ትንሽ ይረፉ» የሚባል ነገር የለም፣ የጀመረበትን ሰዓት መዝግባችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል።

ስኳር ያለበት ሰው ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ነገር ከጠፋበት ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። መዋጥ ከቻለ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ስጡት፤ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ካልተሻለው ድገሙና ወደ ሕክምና። ራሱን ከሳተ በአፍ ምንም አይሰጥም። የስኳር ዕቃ ሁልጊዜ ከደብተሩ አጠገብ ይኑር።

ሰው ከወደቀ ሁሉም ይሮጣል፣ በብብት ይዞ ሊያነሳ። አስቁሙ። እዚያው ይተኛ፣ የሚያመውን ይንገራችሁ። አንዱ እግር ያጠረና ወደ ውጭ የዞረ ከመሰለ ዳሌ ተሰብሮ ይሆናል፤ አታንቀሳቅሱ። ምንም ካልሆነ ራሱ ወደ ጎኑ ይዙር፣ በጉልበቱ ይንበርከክ፣ ወንበር አቅርቡለት፣ በእሱ ተደግፎ ይነሳ።

11. ጾምና ክረምት

ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ብዙዎቹ እስከ 9 ሰዓት እህልም ውሃም አይቀምሱም። ክፍሉን አትዝጉት። ጠዋት ጉልበት ሳይከዳ 30 ደቂቃ፣ አብዛኛው ተቀምጦ። በረመዳንም እንደዚያው፤ ስሁር ከተበላ ብዙም ሳይቆይ ስለሆነ ጠዋት ይሻላል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ግን ባዶ ሆዱን አይሠራም። ከሐኪሙ ይመካከር፤ የጾሙ ነገር ደግሞ ከንስሐ አባቱ ወይም ከኢማሙ ጋር ነው። እናንተ እዚያ ውስጥ አትግቡ።

ክረምት ሲገባ በር ላይ ካርቶን አንጥፉ፣ መወልወያ ያዙ፣ ጃንጥላ የሚቀመጥበት ከሥራው ቦታ ይራቅ። አዳራሹ ቆርቆሮ ከሆነ ዝናቡ ሲወርድ ድምፃችሁ አይሰማም። አስቀድማችሁ የእጅ ምልክት አስለምዷቸው፤ መዳፍ ወደ ላይ ተነሱ፣ ወደ ታች ተቀመጡ። በሐምሌ ግማሹ ሰው ይቀራል። እናንተ ግን አትቅሩ፤ ሦስት ሰው ቢመጣም ሥሩ።

12. እንዳይበተን

ሰው ለስፖርቱ ይመጣል፣ ለቡናው ይቆያል። ከሥራ በኋላ ሻይ ወይም ቡና ይኑር፤ ለስኳር ሕመምተኞች ስኳር ለብቻው ይቅረብ። ወጪውን እነሱ ያዋጡ፣ ገንዘቡን ከእነሱ አንዷ ትያዝ። «ለታክሲህ» ብለው እጃችሁ ላይ ብር ያስጨብጧችኋል። አመስግናችሁ ለሻዩ ሣጥን አስገቡት። ገንዘብ አንዴ ከተቀበላችሁ ያልሰጠው ሰው መሳቀቅ ይጀምራል።

ተሰብስቦ የሚያዳምጥ ትልቅ ሰው ሲታይ ብዙ ሰው ይመጣል። መድኃኒት ሻጭ፣ ቅስቀሳ የያዘ፣ «አምስት ደቂቃ ስጡኝ» ባይ። አትስጡ።

የቴሌግራም ግሩፕ ስትከፍቱ ልጆቻቸውን አስገቡ፤ መልእክቱን የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ሁለቴ የቀረ ሰው ካለ ግን በግሩፕ አይጠየቅም። ይደወላል። ሦስተኛም ከቀረ ቤቱ ይኬዳል፤ ወድቆ ተደብቆ ሊሆን ይችላል፣ ይህ ደጋግሞ የሚሆን ነገር ነው።

ሦስት ወር ሲሞላ ማሟሟቂያውን ከተሳታፊዎቹ ለአንዷ ስጡ። ቅልጥፍናዋን አትዩ፤ ሰዓት የምታከብረውን ምረጡ። ቀጥሎ ከወንበር መነሳቱን ሌላ ሰው ያሠራ። እናንተ ብትታመሙ፣ ሥራ ብትቀይሩ፣ ሰፈር ብትለቁ ማክሰኞ 3 ሰዓት ላይ በሩ መከፈት አለበት። የአዳራሹ ሁለተኛ ቁልፍ ማን ጋ እንደሚቀመጥ ከእድሩ ጸሐፊ ጋር ተስማሙና ስሙን ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።